በሁዳዴ የተፈታ ዲፍረንሻል

ሱሉልታ የሚኖር ሰው መኪናውን የሚያውቀው በዳገቱ ነው። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወተት ጭኜ ከሜዳው እነሳለሁ። የእንጦጦን ትከሻ ይዤ እወጣለሁ። ጫፉን ካለፍኩ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ቁልቁለት ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ የምንገናኘው እኛ ወተት ጫኞች፣ ከጎጃም የሚገቡ ከባድ መኪኖችና ልምምድ የወጡ ሯጮች ነን። ብርዱ መስኮት አያስከፍትም። ሬዲዮም አልከፍትም። ስለዚህ መኪናዋ የምትለውን በሙሉ እሰማለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ ድምፅ መጣ። ቀጭን ዋይታ ነው። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ከወንበሬ ኋላ ይጀምራል። በ50 እና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ይጎላል። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። መጀመሪያ ጎማ መሰለኝ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀያየርኩ። ያው ነው። በኅዳር ድምፁ ቁልቁለቱም ላይ ተከተለኝ። ጥር ሲገባ ዋይታው እንዳለ ሆኖ ከሥሩ እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረ።

መኪናዋ በፈረንጆች 1994 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ናፍጣ፣ 2800 ሲሲ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። የእኛንም የጎረቤትንም ወተት የምትጭነው እሷ ናት። እሷ አንድ ቀን ከቆመች የአምስት ቤት ወተት ይቆማል። ስለዚህ ያን ድምፅ ስሰማ የምሰማው ብረት ብቻ አልነበረም።

ከአጥራችን ማዶ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ወጣትነታቸው ያለቀው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ፊያት 682 ይነዱ ነበር። መኪናው በረሃ ላይ ሲሰበር የሚጠግኑትም ራሳቸው ነበሩ፤ እዚያ ጋራዥ የለማ። አንድ ማለዳ ከጎኔ ተቀምጠው እስከ ጫፉ ወጣን። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። የተኙ ነበር የመሰለኝ። ስንወርድ ተናገሩ።

«የጎማ ኩሽኔታ አይደለም። የጎማ ኩሽኔታ ነዳጅ ሰጠህ አልሰጠህ ግድ የለውም፤ ፍጥነትህን ብቻ ተከትሎ ያጉረመርማል። ይሄ ግን እግርህን ነው የሚከተለው። ጥርሱ ቦታውን ለቋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ፈትተህ እየው። ሳታይ ምንም እንዳትገዛ።»

ጥርስ ያሉት የዲፍረንሻሉን ነው፤ የሞተሩን ዙር ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ሳጥን። ጋራዥ የጠየቅኳቸው ሰዎች የነገሩኝ ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ ሂድ፣ ያገለገለ ሙሉ ዲፍረንሻል ግዛ፣ በግማሽ ቀን እንገጥምልሃለን አሉኝ። ክፉ ምክር አይደለም። ሶማሌ ተራ ባይኖር የዚህ ከተማ ስንት መኪና ቆሞ በቀረ ነበር። ግን ያገለገለ ዲፍረንሻል የተዘጋ ሳጥን ነው። ስንት ዓመት እንደሠራ አታውቅም። ውሃ ገብቶበት እንደነበር አታውቅም። ሻጩም አያውቅም። ከዚህም የባሰ አለ። ለዚችው ሃይሉክስ 4.10፣ 4.30፣ 4.56 እየተባለ የተለያየ የጥርስ ስሌት ያለው ዲፍረንሻል ተሠርቷል፤ ቁጥሩ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ የኋላውን ከፊተኛው የተለየ ካስገባህ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱን ስታያይዛቸው እርስ በርስ ይጓተታሉ። አንድ ወዳጄ ይህ ደርሶበታል። ዙሩን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሁለተኛውን የማርሽ ሳጥን ሲሰባብርበት ነው ያወቀው።

እኔ ደግሞ መማር ፈልጌያለሁ። ይህን ሳልሸፍን ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሞተር ፈትቻለሁ፣ ፍሬን ሠርቻለሁ፣ ካምቢዮም አውርጃለሁ። ዲፍረንሻል ግን ሁልጊዜ «እሱን ተወው» የሚባል ዕቃ ነበር። ለምን እንደሚባል ማወቅ ፈለግኩ።

ጊዜውን የሰጠኝ ሁዳዴ ነው። ላም ጾም አታውቅም፤ በየቀኑ ትታለባለች። ጠጪው ግን 55 ቀን ይጾማል። ካፌዎቹ ወተት ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ ያቆማሉ። ለወተት ሰው ከባድ ወቅት ነው። የተረፈው ወደ ቅቤና አይብ ይሄዳል። ያለችውን ትንሽ ወተት አንድ ጎረቤት በራሱ መኪና ሊወስድልኝ ተስማማን። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት መኪናዋን ከጭዱ መጠለያ ሥር አስገባኋት።

ባለቤቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያን ዘይት የነካ እጅ ወተት ዕቃ አይነካም» አለች። ልክ ናት። ወተት ሽታ ይስባል። የዲፍረንሻል ዘይት ደግሞ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ በሳሙና ታጥበህ፣ በሎሚ አሽተህ፣ በማግስቱም እዚያው አለ። ስለዚህ በረቱን ለሷና ለልጃችን ትቼ ወጣሁ።

ሽታው በከንቱ የመጣ አይደለም። ዲፍረንሻል ውስጥ ሁለት ዋና ጥርሶች አሉ። አንዱ ከሞተር የሚመጣውን ዙር የሚቀበለው ትንሹ፣ ፒኞን ነው። ሌላው እንደ ሰሃን የተኛው ትልቁ፣ ኮሮና ነው። በጥንት መኪኖች ፒኞኑ የሚነካው የኮሮናውን መሃል ነበር። በፈረንጆች 1926 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና ሠሪ ፒኞኑን ከመሃል ዝቅ አድርጎ አመጣው። ረጅሙ ዘንግ ዝቅ አለ፤ የመኪናው ወለልም አብሮ ዝቅ አለ። ጥርሶቹም ዝምተኛና ጠንካራ ሆኑ። ግን ዋጋ አለው። እንዲህ የተገጠሙ ጥርሶች እየተንከባለሉ ብቻ አይሄዱም፤ እየተንሸራተቱም ይፋተጋሉ። ተራ ዘይት ከመሃላቸው ተጨምቆ ይወጣል። ለዚህ ነው ዘይቱ ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የሚጨመረው። ቅመሙ በሙቀትና በጫና ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሚፋቀው ሽፋኑ ነው፤ ጥርሱ ይተርፋል። ጣሳው ላይ ጂኤል-5 የሚል ከሌለ ለዲፍረንሻል አትግዙ። ሽታውንም አትጥሉት።

የማፍሰሻውን ብሎን ስፈታ የወጣው ግን ዘይት አይመስልም ነበር። ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ቡናማና ነጭ ተቀላቅሎ፣ አረፋ ይዞ፣ እየተንጠባጠበ። ባለቤቴ ከሩቅ አይታ «ወተት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ውሃ ነበር። ዘይትና ውሃ በጥርስ ሲመታ የሚሆነው ይህ ነው።

ከየት ገባ? የሱሉልታን ክረምት የሚያውቅ ይገምታል። ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ወደ እኛ በምትገባው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ውሃው እስከ ጎማው መሃል ይደርሳል። መኪናዋ ደግሞ ከረጅም መንገድ ትኩስ ሆና ትመጣለች። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ይስባል። ለዚህ ተብሎ አናቱ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል መተንፈሻ አለች። የእኔዋ በጭቃ ተደፍናለች። በዚያ መሳብ ያልቻለው፣ ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው ጎማ፣ በኦይል ሲሉ በኩል ውሃ ሳበ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ እየጠጣች ከረመች። እኔ በየጊዜው የሞተሩን ዘይት አይቻለሁ። የኋላውን አንድ ቀን አላየሁም።

ይህን የምታነቡ ከከተማ ዳር ያላችሁ ሰዎች፣ ነገ ጠዋት ከመኪናችሁ ሥር ገብታችሁ ያቺን መተንፈሻ ፈልጓት። በጣት አዙሯት። የማትንቀሳቀስ ከሆነ በናፍጣ እጠቧት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ጎማው ከወለቀ በኋላ ሥሩ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ለምንድነው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት የማይያያዙት?»

ሜትር አመጣንና ከግራው ጎማ መሃል እስከ ቀኙ ጎማ መሃል ለካን፤ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ። ከዚያ አፈሩ ላይ አንድ አደባባይ በእንጨት ሣልን። መኪናው አደባባዩን አንድ ጊዜ ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ምን ያህል ይበልጥ ይሄዳል? አስልተን 9 ሜትር ገደማ አገኘን። እሷን የገረማት ቀጥሎ የመጣው ነው። አደባባዩን አሳንሰን ሣልን፤ አሁንም 9 ሜትር። አተለቅነው፤ 9 ሜትር። የአደባባዩ ስፋት ልዩነቱን አይለውጠውም። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ቢታሰሩ ያ 9 ሜትር በአንደኛው ጎማ መፋቅ ይከፈል ነበር። ዲፍረንሻሉ ሁለቱንም እየገፋ የየራሳቸውን ያህል እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ለመኪና የሚሆነውን ይህን አሠራር በፈረንጆች 1827 በስሙ ያስመዘገበው ኦኔሲፎር ፔክዌር የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። ያኔ ቤንዚን መኪና የለም፤ ያሰበው ለእንፋሎት ጋሪ ነው። ሰዓት ሠሪ መሆኑ አላስደነቀኝም። ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም ነበር አልኩ።

አወራረዱ ብዙ አያናግርም። ክሪክ፣ ወፍራም ግንድ ከሻንሲው ሥር፣ ድንጋይ ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ስለሆነ እሱ ላይ መተማመን አይቻልም። ታንቡሩ ወለቀ፣ የፍሬን ቱቦው ተፈታ፣ ሁለቱ የጎማ ዘንጎች ወደ ውጭ ተሳቡ፣ ረጅሙ ዘንግ ከፒኞኑ ተለየ። ከዚያ ዙሪያውን ያሉት ዳዶዎች። የዚህ መኪና ደግነቱ የዲፍረንሻሉ ሆድ ዕቃ በሙሉ በፊት በኩል እንደ ድስት ይወጣል። 40 ኪሎ ይጠጋል። ከጎረቤት ልጅ ጋር አውጥተን የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው።

ጋሼ ከመፈታቱ በፊት አስቆሙኝ። «ምልክት» አሉ። ኮሮናውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ላይ ክዳን አለ። ክዳኖቹ የተቦረቦሩት ከቤታቸው ጋር ሆነው ነው። የግራው ወደ ቀኝ ከተገጠመ አይሆንም። በነጥብ መምቻ ግራውን አንድ፣ ቀኙን ሁለት ነጥብ መታሁ። ይህን ሳያደርግ የፈታ ሰው ዕቃውን አበላሸ ማለት ነው፤ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን።

ያየነው ከፈራሁት በላይ ነበር። የፒኞኑ ኩሽኔታ ከውሃ የተነሳ ተበልቷል፤ ጣት ሲነካው ይሻክራል። ኩሽኔታው ሲላላ ፒኞኑ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ፒኞኑ ሲንቀሳቀስ ጥርሱ መንካት ያለበትን ቦታ ትቶ ጠርዙን መንካት ጀምሯል። ያ ነው ዋይታው። ወፍጮው ድምፅ ደግሞ ኩሽኔታው ራሱ ነው። በሚገፋው ገጽ ላይ ጥርሶቹ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተቦርቡረዋል። ጋሼ በባትሪ እያዩ አንድ በአንድ በጥፍራቸው ዳሰሷቸው። «አይመለስም» አሉ።

መርካቶ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ ውስጥ አንድ ሻጭ ኮሮናውን ብቻ ሊሸጥልኝ ፈለገ። «ያንተ ኮሮና ነው የባሰበት፣ ለምን ሁለቱን ትገዛለህ?» አለኝ። ሰውየው ለኪሴ አስቦ ነው። ግን አይሆንም። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ሆነው በማለስለሻ ቅባት ተፋጭተው ነው የሚወጡት። አንዱ የሌላውን ገጽ ይዞ ያድጋል። ከሌላ ጋር ስታጋባቸው ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተቀርጾ ያያችሁ እንደሆነ ለዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ዞሬ በሦስተኛው ሱቅ ቁጥራቸው የሚገጥም አዲስ ጥንድ አገኘሁ። ኩሽኔታዎቹን ከሌላ ሱቅ። ሁሉም ተደምሮ ጥሩ የሚባል የአንድ ወር የወተት ገንዘብ ሄደ።

ማታ ቤት ገብቼ ጥርሶቹን ቆጠርኩ። ፒኞኑ 9፣ ኮሮናው 41። 41 ሲካፈል 9፣ 4.56 ይሆናል፤ ልክ ነው። ለምን 41? ለምን 45 አልሆነም? 45 ቢሆን እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከአምስት የኮሮና ጥርሶች ጋር ብቻ ይገናኝ ነበር። አንድ ጥርስ ጉድለት ካለው እነዚያኑ አምስቱን ሲጎዳ ይኖራል። 41 ግን ከ9 ጋር ምንም የጋራ አካፋይ የለውም። አንድ የፒኞን ጥርስ የነካውን የኮሮና ጥርስ ደግሞ ለማግኘት ፒኞኑ 41 ጊዜ መዞር አለበት። እስከዚያ ከሁሉም ጋር ተገናኝቶ ይመጣል። ድካሙ ለሁሉም ይዳረሳል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። «እሱን ተወው» የሚባለው ለዚህ ነው። ዲፍረንሻል ሲሠራ ሦስት ነገር መስተካከል አለበት። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል ገብቶ ይቀመጥ? በሁለቱ ጥርሶች መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር? ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል ተጨንቀው ይያዙ? ሦስቱም በዓይን አይታዩም። አንዱን ስትነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

የፒኞኑን ጥልቀት የምትወስነው ከጭንቅላቱ ሥር የምትገባ አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ናት። ውፍረቷ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው የሚለያየው። ትክክለኛዋን ለማግኘት መሞከር፣ መፍታት፣ እንደገና መሞከር ነው። ኩሽኔታው ግን በፕሬስ የሚገባ ነው፤ በየሙከራው ሲወጣና ሲገባ ይጎዳል። ጋሼ ብልሃት ነበራቸው። የድሮውን ኩሽኔታ ውስጠኛ ቀለበት በግራይንደር እየፋቅን በእጅ ገብቶ በእጅ የሚወጣ አደረግነው። መሞከሪያችን እሱ ሆነ። አዲሱ በሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ቆየ።

ከዚያ ቀለሙ። ቢጫ የዘይት ቀለም ከጥቂት ግራሶ ጋር አደባልቀን የኮሮናውን ስድስት ጥርሶች ቀባን። የጎረቤት ልጅ ፒኞኑን በጨርቅ ጨብጦ እንደ ፍሬን ያዘው። እኔ ኮሮናውን በቁልፍ አዞርኩ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። ጥርሶቹ የተነካኩበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይገፋና ብረቱ ይታያል። ያ አሻራ ነው የሚናገረው። አሻራው የጥርሱ አናት ላይ ከወደቀ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ወፈር ያለች ሮንዴላ ይፈልጋል። ሥሩ ላይ ከወደቀ ከመጠን በላይ ገብቷል፤ ቀጭን ይፈልጋል። መሃል መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ቀን አናት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ቀን ሥር ገባ። ሦስተኛው ቀን መሃል የደረሰ መሰለንና ደስ አለን። ጋሼ ግን ኮሮናውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ሲያዩት የወደ ኋላው ገጽ ላይ ያለው አሻራ ወደ ጠርዙ ያዘነብላል። «ዳገት ላይ ዝም ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ያለቅሳል» አሉ። ለእኔ ይህ አይሆንም። መንገዴ ግማሹ ቁልቁለት ነው። እንደገና ፈታን። በአምስተኛው ቀን በሁለቱም ገጽ መሃል ላይ የስንዴ ፍሬ ቅርጽ ያለው አሻራ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። እንዲህ የሚያምር ነገር በጭለማና በዘይት ውስጥ ተዘግቶ ሊቀመጥ ነው።

ክፍተቱን ለመለካት ዳያል ጌጅ፣ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ፣ ያስፈልጋል። አዲሱ ገበያ ያለ የቶርኖ ቤት ባለቤት አዋሰኝ፤ የእሱን ውለታ አልረሳም። መመሪያው የሚለው ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ፀጉር ሁለቱ ቢደረብ ይህን ያክላል። ከዚያ ከጠበበ ጥርሶቹ ሲሞቁ ይነካከሳሉ፤ ዘይትም መግቢያ አያገኝም። ከሰፋ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይመታል። ማስተካከያው በኮሮናው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች ናቸው። አንዱን ፈታ፣ ሌላውን በዚያው ልክ ጠበቅ። ኮሮናው ወደ ፒኞኑ ይጠጋል ወይም ይርቃል፤ የኩሽኔታው ጭንቀት ግን አይለወጥም። በአራት ቦታ ለካሁ። 0.15፣ 0.16፣ 0.14፣ 0.15። ቁጥሮቹን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኳቸው፤ አሁንም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የእኛ መካኒኮች ጆሮ ዓለም ላይ አቻ ያለው አይመስለኝም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው የነገሩኝን መሣሪያ አይነግረኝም። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ እያልን ቃሉን ከጣሊያን ተቀበልን፤ ሙያውን ግን በረሃ ላይ ራሳችን አሳደግነው። ሆኖም ጆሮ በሽታውን ነው የሚያውቀው። የ0.15 እና የ0.30ን ልዩነት ጣት አይለይም። ብዙ ዲፍረንሻል ተሠርቶ በወሩ የሚመለሰው ሠሪው ስላልቻለ አይደለም፤ ስላልለካ ነው። ዳያል ጌጅ እንደ ትልቅ ነገር የሚታይባቸው ጋራዦች አሉ።  እባካችሁ ግዙ። ወጣቶቹን በመለካት አሠልጥኗቸው። እኔ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አዲሱን ኩሽኔታ ፒኞኑ ላይ ለማስገባት ሙቀት ተጠቀምን። ባለቤቴ አንድ አሮጌ ድስት ለገሰችን። ዘይት ሞልተን ኩሽኔታውን በሽቦ አንጠልጥለን ከሰል ላይ ጣድነው። ወደ 110 ዲግሪ ነው የምንፈልገው። ውሃ አይሆንም፤ እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከዚያ አይዘልም። በወተት ቴርሞሜትር ለካን። ቴርሞሜትሩም እንደ እጄ ከወተት ቤት ተባረረ። የጋለው ኩሽኔታ በጓንት ተይዞ ወደ ፒኞኑ ሲወርድ «ጠብ» ብሎ ተቀመጠ። መዶሻ አልተነካም።

የመጨረሻው ጭንቀቱ ነው። በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል የምትጨመቅ የብረት ቀለበት አለች። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቷ ትሸበሸባለች፣ ኩሽኔታዎቹም ይጨነቃሉ። ችግሩ፣ አንዴ ካለፈች አትመለስም። ዳዶውን ብታላላው ቀለበቷ ተጨምቃ ቀርታለች። መጣል ነው። መጀመሪያ ሞክሬ አሳለፍኳት። ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቼ ስገፋ በአንድ ትንሽ እንቅስቃሴ አለቀ። ለአንዲት ቀለበት እንደገና መርካቶ፤ ሦስት ቀን ጠፋ።

በሁለተኛው ልጄ አጠገቤ ነበረች። ረጅሙ ዘንግ በሚታሰርበት የፒኞኑ አፍ ላይ ሲባጎ ጠቀለልን፤ ጫፉን ከተንጠልጣይ ሚዛን ጋር አሠርን። የአፉ ስፋት 11 ሴንቲ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 5.5። እሷ ሚዛኑን ቀስ ብላ እየሳበች ስንት ኪሎ ላይ መዞር እንደሚጀምር ትነግረኛለች። እኔ ዳዶውን በጣም በጥቂቱ አጠብቃለሁ። አንድ ኪሎ። አጠበቅኩ። አንድ ተኩል። አጠበቅኩ። ሁለት። ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው በሹክሹክታ ሆነ። ሦስት ላይ እጄን ማመን አቃተኝና አረፍኩ። ሦስት ተኩል ላይ «አባዬ፣ በቃ!» አለች። ሦስት ተኩል ኪሎ በ5.5 ሴንቲ ሲባዛ 19 ኪሎ-ሴንቲ ገደማ ነው። መመሪያው የሚፈልገው ውስጥ ገባን። ዳዶውን ነጥብ መትቼ ቆለፍኩት።

የኮሮናውን ብሎኖች በ97 ኒውተን ሜትር አጠበቅን፤ በመስቀል እየዘለልን። ሲሊኮን፣ አዲስ ኦይል ሲል፣ አዲስ መተንፈሻ። መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ እስከ ነዳጅ መሙያው ከፍታ አወጣሁት። ክረምቱ ሲመጣ አየር እንጂ ውሃ አይስብም። ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ገዝቼ አፉ ድረስ ሞላሁ።

የወጣነው በሆሳዕና ሰኞ ነው። አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ በጣም ይሞቃል። ሃያ ደቂቃ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ አቁሜ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። እንደገና ሃያ ደቂቃ። ጭነት የለም። ሐሙስ ዕለት ጋሼን ጭኜ እስከ ጫፉ ወጣሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። 40። 50። 60። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ይሰማል፤ ነፋሱ ይሰማል። ጫፉ ላይ ዞረን እግሬን አንስቼ ወረድን። ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ሚሌ ሙቀት፣ ስለ አንድ ረዳታቸው። ድምፁን አላነሱትም።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ መኪናዋ ሙሉ ጭነት ያዘች። ወተቱ፣ አይቡ፣ ቅቤው። ከጾም በኋላ ከተማው ወተት እንደሚጠማው ዓይነት በዓመቱ ውስጥ ሌላ ቀን የለም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ዘይቱን አወረድኩ። የመጀመሪያው ዘይት አዲሶቹ ጥርሶች ሲላመዱ የጣሉትን ይዞ መውጣት አለበት። ማር የመሰለ ነው፤ ማኪያቶ አይደለም። የብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል። ጋሼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሽተው ወደ ፀሐይ አዩት።

«ዱቄት ነው። ቅንጣት የለውም። ሙላው።»

ሞላሁት። ማታ ወደ በረቱ ስሄድ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ እጄን ተቀበለችኝ። አሸተተችውና ባልዲውን ለልጃችን ሰጠቻት።